«ቀድሞ ተናገረ፤ ገደሉት»፦ የራዲዮኛው የኩፐር ነገር

ባለፈው ሳምንት ከመናኸሪያ ወደ ፍራንኮ ለመሄድ ባጃጅ ያዝኩ። አዳማ ከቀትር በኋላ እንደምታውቋት ናት፤ ፀሐዩ ከላይ፣ አቧራው ከታች። ሾፌሩ ስልኩን መሪው ፊት በላስቲክ አስሮ ቪዲዮ ከፍቷል። አንድ ጎርናና ድምፅ በአማርኛ ይተርካል። ሙዚቃው የቀብር ይመስላል። ሦስት ማዕዘን ውስጥ ያለች አንዲት ዓይን ትመጣለች፣ ትሄዳለች። ከዚያ ደንደን ያለ ፈረንጅ ማይክሮፎን ፊት ተቀምጦ ታየ።

«ጋሼ፣ ይሄን ሰውዬ ያውቁታል?»

«ማነው?»

«የመንትያ ሕንፃዎቹን ነገር ቀድሞ ተናገረ፤ ገደሉት።»

ሰውዬው ሚልተን ዊሊያም ኩፐር ይባላል። አሜሪካዊ የራዲዮ አቅራቢ ነበር። ዛሬ ዓለምን በስውር ይገዛል ስለሚባለው ማኅበር፣ ስለ «ኢሉሚናቲ»፣ የምንሰማው ታሪክ አብዛኛው በእሱ እጅ ያለፈ ነው። ስሙን የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ቃሉን ይደግሙታል። ስለዚህ ዛሬ የልጁን ዓረፍተ ነገር ይዤ ልፈታታው። ሦስት ቃል ናት፦ ቀድሞ ተናገረ፤ ገደሉት። ከድርብ ሰረዙ በፊት ያለው ከሞላ ጎደል እውነት ነው። ከድርብ ሰረዙ በኋላ ያለውም እውነት ነው። ጉዱ ያለው ድርብ ሰረዙ ላይ ነው።

ኩፐር የተወለደው በግንቦት 1943 ካሊፎርኒያ፣ ሎንግ ቢች ነው። (የውጭ አገር ነገር ሳነሳ ቀኑም ወሩም ዓመቱም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።) አባቱ የአየር ኃይል ሰው ነበር። ልጁም መጀመሪያ አየር ኃይል ገባ፤ በኋላ ወደ ባሕር ኃይል ተሻገረ። ቬትናም ዘመተ፣ የጥበቃ ጀልባ አዛዥ ሆነ፣ ሜዳይ አገኘ። በ1975 ተሰናበተ። እዚህ ድረስ ማንም አይከራከርም።

ክርክሩ የሚጀምረው እሱ «አየሁ» ባለው ነገር ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የፓስፊክ መርከቦች አዛዥ በነበሩት በአድሚራል በርናርድ ክላሪ ቢሮ ስሠራ የምስጢር ሰነድ አነበብኩ አለ። በሰነዱ መሠረት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1954 ከሌላ ዓለም ፍጡራን ጋር ውል ተዋውለዋል። ኬኔዲ ይህን ሊያወጡ ሲሉ የራሳቸው መኪና ሹፌር ተኩሶ ገደላቸው። ሰነዱን ከእሱ በቀር ያየው የለም። ግን ሰውዬው ወታደር ነበር፣ ቢሮው እውነተኛ ነበር፣ አድሚራሉም እውነተኛ ነበሩ። እኛ አገር «ከውስጥ አዋቂ የተገኘ» የሚባል ነገር አለ አይደል? ኩፐር የዚያ ዓይነቱ ውስጥ አዋቂ ሆነ። ውስጥ አዋቂ ደግሞ ማስረጃ አይጠየቅም። ውስጥ መግባቱ በራሱ ማስረጃው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የሚገርም ነገር አደረገ። የሌላ ዓለም ፍጡራን ታሪክ ውሸት ነው አለ። የእኛ ሰው ስህተቱን ሲያምን ደስ ይለናል። ኩፐር ግን «ተሳስቼ ነበር» ብሎ አላቆመም። ሰነዱን ሆን ብለው ያሳዩኝ እኔን አታልለው እናንተን ሊያታልሉ ነው አለ። ልብ በሉ፤ የታሪኩ ምሰሶ ወደቀ፣ ጣሪያው ግን ከድሮው ከፍ አለ። ውሸት መሆኑ ራሱ የሴራው ማስረጃ ሆነ። ስለ ሴራ ትንተና አንድ ነገር ብቻ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ካለ ይህችን ይያዝ። ማንኛውም አስተሳሰብ የሚያፈርሰው ማስረጃ ሲመጣ ይዳከማል። ይሄኛው ግን ማስረጃውን በልቶ ይወፍራል።

ራዲዮው

አባቴ አንዲት ራዲዮ ነበረችው። የባትሪ ድንጋይ ሲደክምባት ድንጋዩን አውጥቶ የአዳማ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ማታ ይመልሰዋል። ከዚያ ድምፁን ቀንሶ፣ ጆሮውን ለጥፎ፣ መፈለጊያዋን በስሱ ያዞራል። ፉጨት፣ ጭርጭርታ፣ ዓረብኛ፣ ፉጨት፣ ከዚያ የጀርመን ድምፅ ወይም የአሜሪካ ድምፅ። የደርግ ዘመን ነው። ድምፅ የሚቀንሰው እኛን እንዳይቀሰቅስ አልነበረም።

ይህን ያነሳሁት ኩፐር የተናገረው በዚያው ዓይነት ሞገድ ላይ ስለሆነ ነው። ኤፍ ኤም ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ተራራ ሲያገኘው ይቆማል፣ ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ሄዶ ይደክማል። አጭር ሞገድ ወደ ሰማይ ይወጣል። ከላይ ፀሐይ በኤሌክትሪክ የሞላችው የአየር ንጣፍ አለ፤ እዚያ ነጥሮ ወደ ምድር ይመለሳል፣ እንደገና ይነጥራል። ማታ ደግሞ ብዙዎቹ የአጭር ሞገድ ጣቢያዎች ይበልጥ ርቀው ይሰማሉ። በዚህ መንገድ አንድ ጣቢያ ክፍለ ዓለም ያቋርጣል። ሌላም ነገር አለው። በጭርጭርታ መካከል ፈልጋችሁ ያገኛችሁት ድምፅ፣ በር አንኳኩቶ ከመጣ ድምፅ የበለጠ ይታመናል። የለፋችሁበት ነዋ። አባቴ ማታ ማታ የሰማውን ነገር ጧት በራዲዮ ኢትዮጵያ ቢያስተባብሉት አያምንም ነበር። እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ አልተሳሳተም።

የኩፐር ፕሮግራም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀመረ። ከሚያስተላልፉለት ጣቢያዎች ዋነኛው ቴነሲ፣ ናሽቪል ያለው ዳብልዩ ዳብልዩ ሲ አር ነበር። ጣቢያው የአየር ሰዓት ይሸጣል። ከፋዩ ሰባኪ ሊሆን ይችላል፣ ወርቅ ነጋዴ ሊሆን ይችላል፣ ኩፐርም ሊሆን ይችላል። እኛም ጋ የአየር ሰዓት ገዝቶ መሥራት የተለመደ ስለሆነ ነገሩ አይጠፋችሁም፦ ጣቢያው የሚጠይቀው «እውነት ነው ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ተከፍሏል ወይ?» ብሎ ነው። በአሜሪካ ራዲዮ ላይ አወዛጋቢ ጉዳይ ሲነሳ ሌላውንም ወገን አሰሙ የሚለው ደንብም በ1987 ተሽሮ ነበር። ሜዳው ክፍት ነበር።

መክፈቻውን አንድ ጊዜ የሰማ አይረሳውም። መጀመሪያ የአደጋ ሳይረን ይጮኻል። ውሾች ይጮኻሉ። የወታደር ቦቲ ድምፅ ይሰማል፣ የሰው ጩኸት ይከተላል። ከዚያ ዝግ ያለ፣ የደከመው አባት የሚመስል ድምፅ ይመጣል። እንግዲህ አሪዞና ውስጥ ወይም ኦክላሆማ ውስጥ በሌሊት ብቻውን ከባድ መኪና የሚነዳ ሰው አስቡ። ያ ድምፅ የሚያወራው ለእሱ ብቻ ነው። ኩፐር ተናጋሪ ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ከአርባ ሰዓት በላይ የፈጀ ተከታታይ ስለ ጥንት ግብፅ፣ ስለ ባቢሎንና ስለ ምስጢር ማኅበራት አቅርቧል፤ ሰው ደግሞ ቁጭ ብሎ ሰምቶታል።

አሠራሩ

ሁልጊዜ የሚደጋግማት ምክር ነበረችው፦ ሁሉንም ስሙ፣ ሁሉንም አንብቡ፣ ራሳችሁ መርምራችሁ ካላረጋገጣችሁ ምንም አትመኑ። ምን ይወጣላታል? እኛም «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» እንላለን። ግን አድማጩ ሲመረምር ምን ያነባል? ኩፐር የሰጠውን ሰነድ። ሰነዱን የሚያስተባብል ሰው ቢያገኝስ? ያ ሰው ተከፍሎታል። ስለዚህ ምክሩ ክፍት በር ይመስላል፤ ስትገቡበት ግን ተመልሳችሁ እዚያው ግቢ ውስጥ ናችሁ።

ደግሞ ሁሉም ነገሩ ውሸት ቢሆን ኖሮ ማንም አይሰማውም ነበር። የአሜሪካ መንግሥት የዋሸባቸው እውነተኛ ጉዳዮች አሉ። አላባማ፣ ተስኪጊ ውስጥ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ 399 ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁር ወንዶች ሕክምና ተከልክለው በሽታው ምን እንደሚያደርጋቸው ብቻ ይታይ ነበር። ፔኒሲሊን መድኃኒቱ መሆኑ ታውቆም አልተሰጣቸውም። በ1964 የቬትናምን ጦርነት ላሰፋው ውሳኔ ምክንያት ከሆኑት ሁለት ጥቃቶች ሁለተኛው፣ በቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ነሐሴ 4 ደረሰ የተባለው፣ አልተፈጸመም። የአገሪቱ የስለላ ድርጅት ሲ አይ ኤ በሰዎች አእምሮ ላይ ያደረገው ሙከራ ለሕዝብ የወጣው በ1975 ነው። ኩፐር ቬትናም የዘመተ ሰው ነው። የተታለለ ትውልድ ልጅ ነው። የአድማጮቹ ቁጣ ከሰማይ አልወረደም።

እሱ ያደረገው፣ ሦስት እውነት አስቀድሞ አራተኛውን ከኋላ ማስገባት ነው። ሠርግ ላይ ሳይጠሩ ከዘመድ ጋር ተቀላቅሎ እንደሚገባ ሰው። በር ላይ ያለው አስተናጋጅ የፊተኞቹን ስለሚያውቃቸው ኋለኛውን አይጠይቅም።

በ1991 ያሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ ይመስላል። ርዕሱ ከዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 6 የተወሰደ ነው፦ «እነሆ ሐመር ፈረስ» እንበለው። የእኛ አንባቢ ጥቅሱን ያውቀዋል፤ በፈረሱ ላይ የተቀመጠው ስሙ ሞት ነበር። ውስጡ የተጠረዘ ፋይል ነው። ደብዳቤ፣ ፎቶ ኮፒ፣ የሕግ ቁጥር፣ ቅጽ። ብዛቱ ያስፈራል። አንዱ ሰነድ በ1986 ከመንግሥት ዕቃ ሽያጭ በተገዛ አሮጌ የፎቶ ኮፒ ማሽን ውስጥ ተረስቶ ተገኘ የሚባል ነው። ዓለምን በስውር የሚገዙ ሰዎች ዋና ዕቅዳቸውን ማሽን ውስጥ ረስተው ሄዱ ማለት ነው። እኔ የመታወቂያዬን ኮፒ እንኳ ረስቼ አላውቅም።

ሌላው ሰነድ ግን አያስቅም። «የጽዮን ሽማግሌዎች ፕሮቶኮል» የሚባለውን ሙሉውን አትሞታል። ይህ ጽሑፍ በሩሲያ በ1903 የወጣ የሐሰት ሰነድ ነው። የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ በ1921 ከየት እንደተገለበጠ አጋልጧል፤ በ1864 በፈረንሳይ ንጉሠ ነገሥት ላይ ለመሳለቅ ከተጻፈ መጽሐፍ ነው የተቀዳው፣ ያ መጽሐፍ ደግሞ ስለ አይሁድ አንድም ነገር አይልም። ናዚዎች ሲጠቀሙበት የነበረ መርዝ ነው። ኩፐር ሲያትመው አንባቢን «አይሁድ የሚለውን ኢሉሚናቲ ብላችሁ አንብቡት» አለ። በቃ። የማር ስም የተለጠፈበት ያው መርዝ። ዛሬ አዳማ ውስጥ በባጃጅ ስልክ ላይ «ኢሉሚናቲ» እያለ የሚተርከው ድምፅ፣ ራሱም ሳያውቅ፣ ከመቶ ዓመት በፊት በሩሲያ የተቀመመውን እያቀረበልን ነው።

ያ በሽታ

አሁን ወደሚያመኝ ልግባ።

አዳማ የጅቡቲ መንገድ ላይ ናት። ከባድ መኪና እዚህ ያድራል፣ ሹፌርና ረዳት እዚህ ይበላል፣ ይጠጣል። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ በየሰፈሩ ድንኳን ነበር። ድንኳኑ ሲፈርስ ሌላው ይተከላል። ስሙን ማንም አይጠራውም። «ያ በሽታ» ነው። የአክስቴ ልጅ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር፤ ሲከሳ ሁላችንም አየን። «ተመርመር» ስንለው የሚመልሳት መልስ አንድ ናት፦ «ፈረንጅ በላብራቶሪ የሠራው ነው። በሽታውን የሠራ መድኃኒት ይሰጠኛል?» የጸረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ኢትዮጵያ ውስጥ በነፃ መሰጠት የጀመረው በእኛው አቆጣጠር በ1997 ነው። እሱ የሞተው በ1999 ነው። መድኃኒቱ ከቤቱ በእግር በሚደረስ ቦታ ነበር።

የአክስቴ ልጅ ኩፐር የሚባል ሰው ሰምቶ አያውቅም። ታዲያ ወሬው ከየት መጣ?

መንገዱ ረጅም ነው። በ1983 አንድ የሕንድ ጋዜጣ ኤድስን የአሜሪካ ወታደራዊ ላብራቶሪ ሠራው የሚል ደብዳቤ አወጣ። በ1985 የሶቭየት ጋዜጣ ደግሞ አሰፋው። ዘመቻው የሶቭየት የስለላ ድርጅት ሥራ ነበር፤ በ1992 የሩሲያ የውጭ ስለላ ኃላፊ የነበሩት የቭጌኒ ፕሪማኮቭ አምነዋል። ወሬው በብዙ አገሮች በብዙ ቋንቋዎች ተባዝቷል። ቀዝቃዛው ጦርነት አለቀ፣ ወሬው ግን ጡረታ አልወጣም። ኩፐር በ1991 መጽሐፉ ተቀብሎ የራሱን ጨመረበት፦ ጥቁሮችን፣ የላቲን ዝርያዎችንና ግብረ ሰዶማውያንን ለመቀነስ የተሠራ ነው፣ አፍሪካ የገባውም በፈንጣጣ ክትባት ነው አለ።

ይህ ሊሆን የማይችልበት ምክንያት ቀላል ነው። ቫይረሱ ያለበት እስካሁን የታወቀው የመጀመሪያ የደም ናሙና የተወሰደው በ1959 ኪንሻሳ ውስጥ ነው። የዘር ቅንጣትን ቆርጦ የመቀጠል ጥበብ የተገኘው በ1970ዎቹ ነው። ማለትም በ1959 ዓለም ላይ ያለ የትኛውም ላብራቶሪ፣ ቢፈልግ እንኳ፣ ይህን ቫይረስ መሥራት አይችልም ነበር። ሳይንቲስቶች የቫይረሱን የዘር ሐረግ ወደኋላ ቆጥረው ሲደርሱበት ከቺምፓንዚ ወደ ሰው የተሻገረው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ፣ በደቡብ ምሥራቅ ካሜሩን አካባቢ ነው። ምናልባትም በአደን ጊዜ፣ በደም ንክኪ። ሴራ የለውም፣ ተንኮለኛ የለውም። ለዚህ ይሆናል የማይጣፍጠው።

በ2000 የኩፐር ወሬ ቢሮ ገባ። የደቡብ አፍሪካ የጤና ሚኒስትር ማንቶ ሻባላላ ምሲማንግ ከዚሁ መጽሐፍ ስለ ኤድስ የሚያወራውን ምዕራፍ አባዝተው ለክፍለ ሀገር ኃላፊዎች አሰራጩ። የፕሬዚዳንት ታቦ ምቤኪ መንግሥት ያኔ ኤድስ በቫይረስ መምጣቱን ይጠራጠር ነበር፤ መድኃኒቱንም አዘገየ። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ2008 ባወጡት ስሌት፣ ከ2000 እስከ 2005 በዚህ መዘግየት ከ330,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ኩፐር ገደላቸው አልልም። ምቤኪ ጥርጣሬውን ያገኙት ከሌሎች ነው፣ ከተቃዋሚ ሳይንቲስቶችም ጭምር። ግን አንድ የአሪዞና ራዲዮኛ የጻፈው ምዕራፍ የአፍሪካ ሚኒስትር ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ፣ ወሬ ምን ያህል እንደሚሄድ ያሳያል። አጭር ሞገድም ይህን ያህል አይነጥርም።

ቀድሞ ተናገረ?

ወደ ባጃጁ ልጅ ዓረፍተ ነገር ልመለስ። የመጀመሪያዋ ግማሽ።

ሰኔ 28፣ 2001 ኩፐር በፕሮግራሙ ላይ ትልቅ ጥቃት ይመጣል አለ። ጥቃቱንም በኦሳማ ቢን ላደን ያሳብቡታል፤ እንዳታምኑ አለ። መነሻው የዚያን ሰሞን አንድ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ቢን ላደንን ማግኘቱ ነው። ጋዜጠኛ ያገኘውን ሰው የአሜሪካ ስለላ እንዴት ያጣዋል? ጥያቄዋ ጥሩ ናት። ከዚያ በ75ኛው ቀን የኒው ዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ወደቁ። ያን ቀን እኛ ጋ የ1994 እንቁጣጣሽ ነበር። ዶሮ ተበልቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ቴሌቪዥን ፊት የቆምነውን አስታውሳለሁ።

ስለዚህ አዎ፣ ተናግሯል። ግን ያኔ የቢን ላደንን ስም ለመጥራት ነቢይ መሆን አያስፈልግም ነበር። በነሐሴ 1998 ናይሮቢና ዳሬሰላም ያሉት የአሜሪካ ኤምባሲዎች ፈንድተው 224 ሰዎች ሞተዋል። ናይሮቢ ጎረቤታችን ናት፤ እኛም ስሙን ያኔ ነው የለመድነው። በ1999 ሰውዬው በኤፍ ቢ አይ ዋና ተፈላጊዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ። በጥቅምት 2000 ኤደን ወደብ ላይ የአሜሪካ የጦር መርከብ ተመትቶ 17 መርከበኞች ሞቱ። ኩፐር ቀኑን አልተናገረም፣ አውሮፕላን አላለም፣ ሕንፃ አላለም።

ደግሞ የተናገረው ይህን ብቻ አይደለም። በዚያው መጽሐፍ ጋሊሊዮ የምትባለው የጠፈር መንኮራኩር የጫነችው ፕሉቶኒየም በታኅሣሥ 1999 ጁፒተር ውስጥ ፈንድቶ ጁፒተርን ሁለተኛ ፀሐይ ያደርጋታል ብሎ ነበር። የአዲሷ ፀሐይ ስም ሳይቀር ወጥቶላታል፦ ሉሲፈር። ጋሊሊዮ በመስከረም 2003 ጁፒተር ውስጥ ገባች። ጁፒተር አሁንም ማታ ማታ እንደ ድሮዋ አለች። ለዚህኛው ትንቢት ቪዲዮ የሚሠራለት የለም።

ፖስታ ቤት አካባቢ ያሉ ሎተሪ ሻጮችን አስቡ። ለእያንዳንዱ አላፊ «ጋሼ፣ ይቺ ትወጣለች» ይላሉ። ከሺው አንዱ ሲወጣለት «ነግሮኝ ነበር እኮ!» ይላል። የቀሩት 999 ሰዎች ምንም አይሉም፤ ቲኬቱን ቀደው ሄደዋል።

ገደሉት?

ኩፐር ኅዳር 5፣ 2001 ማታ በጥይት ሞተ። በእኛ ጥቅምት 26፣ 1994። ከእንቁጣጣሹ ስምንት ሳምንት በኋላ ማለት ነው። ድርብ ሰረዙ የምትጠነክረው እዚህ ላይ ነው፤ ተናገረ፣ ሆነ፣ ሞተ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል?

ግን ሞቱ የጀመረው ቀደም ብሎ ነው። በ1998 ግብር ባለመክፈል ተከሶ ነበር፤ ፍርድ ቤት አልቀረበም። አሪዞና ውስጥ ኤጋር በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ኮረብታ ላይ ባለው ቤቱ ተቀመጠ፤ በሕይወት አትይዙኝም አለ። በ1999 ሚስቱና ልጆቹ ሄዱ። የፌዴራል ፖሊስ የት እንዳለ ያውቃል፤ ግን አልመጣም። ምክንያቱ አይገርምም። በ1993 ቴክሳስ፣ ዌኮ ውስጥ አንድ የሃይማኖት ቡድን 51 ቀን ተከቦ በእሳት ሲያልቅ መንግሥት ክፉኛ ተወቅሷል። ሁለተኛ ዌኮ ማንም አልፈለገም። ለሦስት ዓመት ያህል ተፈላጊው ሰው ኮረብታው ላይ ሆኖ በራዲዮ መንግሥትን ሲሳደብ ከረመ። ዝም ሊያሰኙት የፈለጉ ሰዎች ከሆኑ ትዕግሥታቸው ይደነቃል።

ጣጣው የመጣው ከአንድ የከተማው ሐኪም ጋር ነው። ሰውዬው በ2001 ክረምት በመኪና ወደ ኮረብታው ወጣ። ኩፐር ከግቢዬ ውጣ ብሎ ተከተለው፣ ሽጉጥም ደገነበት። ሐኪሙ ከሰሰ። እንግዲህ ይህ የግብር ጉዳይ አይደለም፣ የዋሽንግተንም ጉዳይ አይደለም። የወረዳ ፖሊስ ጉዳይ ነው። ያን ማታ የካውንቲው ፖሊሶች ሲቪል ለብሰው፣ ሙዚቃ ከፍተው፣ ሲዝናኑ ያመሹ ጎረምሶች መስለው ቤቱ አጠገብ ቆሙ። ኩፐር ሊያባርራቸው በመኪና ወረደ። ነገሩ ገባውና ወደ ቤቱ ሸሸ። ተኮሰ፤ አንዱን ፖሊስ ጭንቅላቱን መታው። ሌላው ፖሊስ ተኩሶ ገደለው። የተመታው ፖሊስ በሕይወት ተረፈ፣ ጉዳቱ ግን ከባድ ነበር። 58 ዓመቱ ነበር ኩፐር።

እኔ ፖሊሶቹ ጥሩ ዘዴ ተጠቀሙ አልልም። የታጠቀና በጥርጣሬ የሚኖር ሰው ቤት በጨለማ ሄዶ ማታለል ብልሃት አይመስለኝም። ግን ሞቱ ከመስከረሙ ጥቃት ጋር የሚያገናኘው ክር የለም። ሐኪሙ ኮረብታው ላይ የወጣው ከጥቃቱ በፊት ነው።

የቀረው

ኩፐርን ያዳምጡ ከነበሩት አንዱ ቲሞቲ ማክቬይ እንደነበር በሰፊው ተጽፏል። የዌኮ ሁለተኛ ዓመት በሚታሰብበት ዕለት፣ ሚያዝያ 19 ቀን 1995፣ ኦክላሆማ ሲቲ የመንግሥት ሕንፃ አፈነዳ። 168 ሰዎች ሞቱ፣ 19ኙ ሕፃናት። ኩፐር ደግሞ ፍንዳታውን የመንግሥት ሥራ ነው አለ። የራሱ አድማጭ መሆኑ እንኳ ታሪኩን አልቀየረለትም።

መጽሐፉ በእስር ቤትና በሂፕ ሆፕ ሰፈር በብዛት ተነበበ። የራፕ ግጥሞች ውስጥ ኢሉሚናቲ የገባው በከፊል በዚህ በር ነው። ከራፑ ደግሞ ወደ ክሊፕ፣ ከክሊፑ ወደ እኛ ዩቲዩብ።

አሜሪካዊውን የሴራ ወሬ አቅራቢ አሌክስ ጆንስን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። የኩፐር አልጋ ወራሽ ይመስላል። ኩፐር ግን አይወደውም ነበር። ታኅሣሥ 31፣ 1999 ዓለም በኮምፒዩተር ቀን ስህተት ትጠፋለች ሲባል ጆንስ በራዲዮ ሕዝቡን ሲያሸብር አመሸ፤ ኩፐር ውሸታም ብሎ ሰደበው። ይህን ሳነብ ከልቤ ሳቅሁ። በ2012 ሳንዲ ሁክ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች ሲገደሉ፣ ጆንስ ድራማ ነው ብሎ ለዓመታት ተናገረ። ልጆቻቸውን የቀበሩ ወላጆች «ተዋናይ» እየተባሉ ተሳደዱ። በ2022 ፍርድ ቤቶች በጠቅላላው ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ፈረዱበት። በኩፐር ጊዜ የአየር ሰዓት የሚገዛው ራሱ ነበር። በጆንስ ጊዜ ቁጣው ራሱ ቫይታሚን ይሸጥ ነበር። ልዩነታቸው ከዚህ ብዙም አይርቅ ይሆናል፤ ግን የኩፐርን መዝገብ ሳይ ሀብታም ለመሆን የሠራ ሰው አላይም። የሚናገረውን ያምን ነበር ብዬ አስባለሁ። ይህ ያሻለዋል ወይስ ያከፋዋል? እኔ እንጃ።

ትናንት ያንኑ ልጅ ፍራንኮ አገኘሁት። ባጃጁን ጥላ ሥር አቁሞ ቆሎ ይቆረጥማል። ገብቼ እስከ ቤት ያለውን መንገድ ታሪኩን በሙሉ ነገርኩት። ስለ ግብሩ፣ ስለ ጁፒተር፣ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ሽጉጡ። በጥሞና ሰማኝ። አንድም ጊዜ አላቋረጠኝም። ሂሳብ ስሰጠው መልሱን እየቆጠረ ትንሽ አሰበ።

«እሺ ጋሼ» አለኝ። «ሐኪሙንስ ማን ላከው?»